ጣሪያውን ማን ይጠግን? የመሀል ከተማ አሮጌ ቤቶችና የመንግሥት ፖሊሲ ከጎጃም ሲታይ

ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ ውስጥ የአንድ ካሬ ሜትር መሬት ዋጋ የሚያነጋግረውን ያህል፣ በዚያው መሬት ላይ የቆመው አሮጌ ቤት አያነጋግርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬቱ በሊዝ ገንዘብ ያመጣል፣ ቤቱ ግን ያፈሳል። ክርክሩ የሚነሣው ቤቱ ሊፈርስ ሲል ብቻ ነው። ያኔ ግማሹ «ታሪካችን ጠፋ» ይላል፣ ግማሹ «ልማት አታደናቅፉ» ይላል። ሁለቱም ወገን ስለ ጣሪያ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። አሮጌ ሕንጻ ግን በአብዛኛው የሚሞተው ዶዘር ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የሚሞተውም ከጣሪያው ጀምሮ ነው። ስለዚህ የቅርስ ፖሊሲ የሚባለውን ውስብስብ ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ አቁሜ ላስረዳ፤ ጣሪያውን የመጠገን ግዴታው፣ ፈቃዱና ገንዘቡ በማን እጅ ነው? ሦስቱ በአንድ እጅ ሲገናኙ ቤቱ ይተርፋል። በሦስት እጅ ከተበተኑ አዋጅ ቢደራረብም አይተርፍም።

በመጀመሪያ አሮጌው ቤት ለምን ውዱ መሬት ላይ ተገኘ? የጎጃም ከተሞች አብዛኞቹ የበቀሉት ከገዥ ግቢ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ነው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ መንቆረርን ሲቆረቁሩ ሰዉ የሰፈረው ለግቢውና ለገበያው ቀረብ ብሎ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ የከተማዋ ስም ደብረ ማርቆስ ሆነ፤ ሰፈሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የአባታቸውን ቤተ መንግሥት በአውሮፓ ወግ አሳደሱት። (ይህን ልብ ይሏል። ዛሬ «እንዳይነካ» የምንለው ቅርስ ራሱ በዘመኑ ተነክቶ የተለወጠ ነው።) ቀጥሎ የጣሊያን አምስት ዓመታት መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተማዋ የነጋሢ ግቢም፣ የነጋዴ ሰፈርም፣ የወራሪ ሠራዊት ሰፈርም ሆና አይታ ነበር። የእያንዳንዱ ዘመን ቤት ከፊተኛው ጎን ተሠራ። ከተማው ወደ ውጭ ሲሰፋ ይህ ሁሉ መሀል ላይ ቀረ፤ መሀል ደግሞ ተወደደ።

ባሕር ዳር ሌላ ናት። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚሲዮናዊው) ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባል ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ሕንጻ አለ። የምናውቀው ዘመናዊው ከተማ ግን የ1950ዎቹ ሥራ ነው፤ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው የከተማ ፕላን። ስለ ባሕር ዳር ቅርስ ሲነሣ ገዳማቱ ብቻ ይጠቀሳሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚቆጨን ግን ይኸኛው ክፍል ይመስለኛል፤ ቅርስ መሆኑ ሳይነገረው ስለሚፈርስ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ያደርገዋል። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ወደ ተራ ቋንቋ ሲመለስ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርስ የመንግሥትም የግለሰብም ሊሆን ይችላል፤ ቤትዎ ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ አይወረስም። ባለቤቱ ግን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ ይገባል። ለመጠገን ሲፈልግ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ይሁንታ ማግኘት አለበት። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። ሆን ብሎ ቅርስ ያጠፋ ሰው ረጅም እስራት ይጠብቀዋል።

በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው በሁለት ተመደቡ። ብሔራዊው በፌዴራል፣ ክልላዊው በክልሉ ይተዳደራል። በእኛ በኩል ይህ ማለት የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያና የክልሉ ቢሮ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ በዚህ ሕግ ላይ ያስቀምጡት። ግዴታው የባለቤቱ ነው። ፈቃዱ የባለሥልጣኑ ነው። ገንዘቡስ? የባለቤቱ፣ ካልቻለ ምናልባት የመንግሥት። መንግሥት ለመርዳት ተፈቅዶለታል እንጂ አልተገደደም፤ በየዓመቱ ለዚህ ተብሎ የሚቀመጥ ፈንድም ከአዋጁ ጋር አልተወለደም። በሌላ አነጋገር መመዝገብ ለባለቤቱ ሸክም ይጨምርለታል፣ ማቃለያ ግን እርግጠኛ ሆኖ አይሰጠውም። እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱ እንዳይመዘገብ ይሸሻል። መዝጋቢዎች ሊመጡ ነው ሲባል በረንዳውን የሚነቅል፣ የተጠረበውን ሳንቃ በር በብረት በር የሚለውጥ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላው ክፍተት መጠን ነው። ሕጉ ነጠላ ሕንጻን ለማየት የተመቸ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን ያያል። የመሀል ከተማ ውበት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ላይ አይደለም። ሃያ ተራ ቤቶች ተያይዘው ቆመው፣ የሁሉም ደጃፍ ወደ መንገዱ ተከፍቶ፣ የሁሉም ጣሪያ በአንድ ቁመት ሲሄድ ነው ጎዳናው ጎዳና የሚሆነው። እያንዳንዱን ለብቻው ይዘው ቢሮ ቢሄዱ «ይህ ምኑ ቅርስ ነው?» ይባላል። አዋጁ ሰፋ ያለ ቦታን በሙሉ «ጥብቅ ሥፍራ» ብሎ የመከለል መንገድ አለው፤ ውሳኔው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሞጣ ወይም የዳንግላ የገበያ ዳር ሰፈር እዚያ ድረስ የሚደርስለት አቤቱታ አቅራቢ ከየት ያመጣል?

ባለቤት የሌለው ባለቤት

የነገሩ ሥር ግን ከቅርስ ሕግ ውጭ ነው ያለው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ 100 ብርና ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም በአዋጁ ተቀነሰ። በዚያ ዘመን ለድኻው ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። በብዙ ከተሞች ግን ያ ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት እምብዛም ሳይነካ ቆየ።

መዘዙን በሒሳብ እንየው። በወር 30 ብር የሚከራይ ቤት አለ እንበል። በዓመት 360 ብር ያስገባል። 360 ብር ዛሬ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ቀበሌው ባለቤት ነው፣ ግን ከቤቱ የሚያገኘው ገቢ ቤቱን አያቆመውም። ተከራዩ ነዋሪ ነው፤ ግን በራሱ ገንዘብ ቢጠግን ነገ ለልማት ተነሣ ቢባል ያወጣው ገንዘብ አይቆጠርለትም፤ ግድግዳ ሲነካም «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ቤተሰብ ደግሞ በመንገዱ ሲያልፍ ቤቱን እያየ ያዝናል፣ ከማዘን በቀር ግን ሥልጣን የለውም። ግዴታው ቀበሌ፣ ፈቃዱ ማዘጋጃ ቤት፣ ገንዘቡ የትም።

አንድ እንዲህ ያለ ቤት በዓይነ ሕሊና ቀረብ አድርገን እንመልከት። ታች የድንጋይ መሠረት አለው፤ በላዩ የጽድ ቋሚ፣ የእንጨት ማገርና በጭድ የተቦካ ጭቃ፤ ከላይ ደርብ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት። ታችኛው ክፍል በሳንሳ ተከፍሎ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ጠላ ቤት ሆኗል። ላይኛው ክፍል ሦስት ቤተሰብ በደባልነት ይኖርበታል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ የማይቀልድ ከተማ ናት። አንድ ሰኔ ላይ የቆርቆሮው ምስማር ይላላል። ውኃው በምስማሩ ቀዳዳ ገብቶ ወጋግራውን ያርሳል። በሁለተኛው ክረምት አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ልስኑ ይነፋና ይረግፋል። በሦስተኛው ክረምት ጭቃው ከማገሩ ይለቃል። የማዕዘኑ ቋሚ እግር እርጥበት ሲጠጣ ቆይቶ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ያገኘዋል። ደርቡ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። ያን ጊዜ መሐንዲስ ይመጣና ቤቱ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው ብሎ ይጽፋል። ልክ ነው፣ አደገኛ ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ግን ነገሩ የጀመረው በአንድ ምስማር ነበር፤ መሰላል ያለው አናጺ በአንድ ጠዋት ይጨርሰው ነበር።

ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረችው አሠራር ለዚሁ በሽታ መድኃኒት ነው። ባለቤቶች በዓመት መጠነኛ ክፍያ እየከፈሉ ይመዘገባሉ። ሁለት ሁለት ሆነው በመኪና የሚዞሩ ባለሙያዎች በየጊዜው ጣሪያውን ወጥተው ያያሉ፣ አሸንዳውን ያጸዳሉ፣ የተሰበረውን ጡብ ይተካሉ፣ ቀሪውን ችግር በወረቀት ጽፈው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ዕጹብ ድንቅ ነገር የለበትም። በአማርኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለውን ቋሚ አሠራር ማድረግ ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ቢሞከር ሁለት አናጺ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ መዝገብና የግንቦት ወር ይበቃል።

ፕላኑ የሚያፈርሰው ቤት

ሰዎች ቤት የሚያፈርሰው ባለሀብት ወይም ባለሥልጣን ይመስላቸዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ቤት የሚያፈርሰው የከተማ ፕላን ነው እላለሁ፤ በጽሑፍ፣ በጸጥታ፣ ማንም ሳይጮህ። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተሞች ለአሥር ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላንና ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ያዘጋጃሉ። መዋቅራዊው ፕላን የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ይወስናል። የአካባቢው ፕላን ደግሞ ወደ ቁመትና ወደ ስፋት ይወርዳል። በብዙ ከተሞቻችን በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሕንጻ ከዚህ አይነስ የሚል ዝቅተኛ ቁመት ይደነገጋል፤ በየመንደሩ «ጂ ፕላስ ሁለት፣ ጂ ፕላስ አራት» የሚባለው ማለት ነው።

እንግዲህ በአባቱ ስም ካርታ ያለው፣ ጥሩ አሮጌ ቤት የያዘ ሰው ለእድሳት ፈቃድ ሊጠይቅ ሄደ እንበል። «እዚህ ቦታ የሚፈቀደው ባለ ሦስት ፎቅ ነው» ይባላል። ለማደስ አልተፈቀደለትም፤ ለመሥራት አቅም የለውም። ስለዚህ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ቤቱ ይፈርሳል፤ ወይም አቅም ላለው ይሸጠዋል። ፕላኑን የነደፈው ባለሙያ ቅርስ ለማጥፋት አስቦ አይደለም፤ መንገዱ ዳር ቆርቆሮ ቤት እንዳይበዛ አስቦ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው ባይባልም ርካሽ ነው፤ በአካባቢው ልማት ፕላን ላይ የተመረጡ ቤቶችን ወይም አንድ ሙሉ የመንገድ ክፍል ከዝቅተኛው ቁመት ነጻ ማድረግና «ማደስ ይፈቀዳል» ብሎ መጻፍ። ይህን ለማድረግ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አያስፈልግም፤ በከተማው ፕላን ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው ሕግ ነጠላ ሐውልት ከመጠበቅ አልፋ ሙሉ ሰፈሮችን ከልላ የራሳቸው ፕላን እንዲኖራቸው አድርጋለች። ከዚያ በፊት ሰፈሩን አፍርሶ ቤተ መንግሥቱን ብቻ ማስቀረት እንደ ጥበቃ ይቆጠር ነበር። እኛ ዘንድ አሁንም እንዲያ የሚያስቡ አሉ፤ የነጋሢውን ግቢ አጥሮ፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ መብራት ተክሎ «ቅርሱ ተጠበቀ» ማለት። የነጋሢ ግቢ ግን ዙሪያው ከሌለ ለምን እዚያ እንደተሠራ እንኳ አያስታውቅም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የሚታወቁት መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንዱ ግብር ነው። በአሜሪካ ገቢ የሚያስገኝ የተመዘገበ ታሪካዊ ሕንጻ በደንቡ መሠረት ያደሰ ባለቤት፣ ከእድሳት ወጪው 20 በመቶው ከሚከፍለው የፌዴራል ግብር ይቀነስለታል። መንግሥት ገንዘብ አያወጣም፤ ሊሰበስብ የሚችለውን ይተዋል። በእኛ አገር ሰዉ «ጣሪያና ግድግዳ ግብር» የሚለው አለ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። የመሀል ከተማ መሬት ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ታክሱ በደረቁ ሥራ ላይ ከዋለ ያለ ጥርጥር አሮጌውን ዝቅተኛ ቤት ይጎዳዋል፤ ባለቤቱ ከቤቱ በማያገኘው ገቢ በመሬቱ ዋጋ ልክ ሊጠየቅ ነው። በአንጻሩ ለታደሰ የተመዘገበ ቤት ቅናሽ ከታሰበበት ይኸው ታክስ ማባበያ ይሆናል። ክልሎችና ከተሞች ተመኑንና አፈጻጸሙን እያበጁ ያሉበት ጊዜ ስለሆነ መነጋገሪያው አሁን ነው።

ሁለተኛው ያልተሠራን ፎቅ መሸጥ ነው፤ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1963 ፔንሲልቬንያ የሚባለውን ግዙፍ የባቡር ጣቢያ ማፍረስ ጀመረች፤ ከተማው ተንጫጫ፤ በ1965 የታሪካዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ሕግ ወጣ። ቀጥሎ የሌላኛው ጣቢያ የግራንድ ሴንትራል ባለቤት በሕንጻው ላይ ትልቅ ማማ ልሥራ አለ፤ ተከለከለ፤ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። ከተማው ከያዛቸው መልሶች አንዱ ይህ ነበር፤ ባለቤቱ በጣቢያው ላይ ያልሠራቸውን ፎቆች በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ቦታ ማዛወር ይችላል። ማለትም ከላይ ያለው ባዶ አየር ራሱ ዋጋ አለው፤ ይሸጣል። አሮጌው ሕንጻ ዝቅ ብሎ በመቆየቱ የሚያጣው ገንዘብ በሌላ ሰው ረጅም ሕንጻ በኩል ይመለስለታል።

ይህ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለፍኖተ ሰላም የራቀ ይመስላል። እንደ ወረደ ልናመጣው አንችልም፤ ኒው ዮርክ ውስጥ አየሩ የሚገዛው ፎቅ የተራበ ገበያ ስላለ ነው። ነገር ግን የእኛ መሬት የመንግሥት መሆኑ በአንድ ነገር ያመቻል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት በሊዝ የሚያስተላልፈው ከተማው ራሱ ነው። አሮጌ ቤቱን ጠግኖ ለሚያቆይ ባለይዞታ በማስፋፊያ ሰፈር የተሻለ ዕድል መስጠት፣ ወይም ከመሀል ከተማ ሊዝ ገቢ የተወሰነውን ለዚያው ሰፈር ጥገና መመደብ፣ ባዶ አየር ከመሸጥ ይቀላል። ሕጋዊ መንገዱን ማበጀት የክልሉና የከተማው የቤት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ኪራይ ነው፤ ቤቱ ራሱን እንዲያበላ ማድረግ። አዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ደርሶበት ብዙ ነገሩ ጠፋ፤ ግን ሆቴል ስለሆነ፣ እንግዳ ስላለው፣ ሥራ ስላለው ተጠግኖ ተመለሰ። እሳቱ ማንም የማይገባበት ዝግ ሕንጻ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን ብቻ እናነሣ ነበር። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ሕይወት ያላት ግን ሰው ስለሚኖርባት፣ ገበያዋ ስለሚቆም ነው። በተቃራኒው ዛንዚባርን እንይ። የድንጋይ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፤ የራሷ የጥበቃ ባለሥልጣንም አላት፤ ያም ሆኖ «የአስደናቂዎች ቤት» የሚባለው ዝነኛ ሕንጻ በእድሳት ላይ እንዳለ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በከፊል ተናደ፤ ሰውም ሞተ። መዝገብ ምሰሶ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ልንቀፍ። አሮጌ ሕንጻ ሲገኝ «ሙዚየም ይሁን» እንላለን። አንድ ከተማ ስንት ሙዚየም ይችላል? ሙዚየም ዕቃ፣ ባለሙያ፣ ጥበቃና በጀት የሚበላ ተቋም ነው። ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ይገባዋል፤ ለሌሎቹ ግን ቤተ መጻሕፍት፣ የጠበቆች ቢሮ፣ መድኃኒት ቤት፣ ምግብ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሁሉም ከዝግ በር ይሻላል። ቤት የሚኖረው ጠዋት የሚከፍተው ሰው ሲኖር ነው።

ተከራዩስ?

ይህን ካላነሡ ፖሊሲው ሌላ ስም ያለው ማፈናቀል ይሆናል። ሰፈር ሲታደስ ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋው ሲጨምር ጠላ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊውና ደባሎቹ ይወጣሉ፤ በምትካቸው ካፌ ይገባል። ጣሊያናዊቷ ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1969 መሀል ከተማዋን የሚጠብቅ ፕላን ካጸደቀች በኋላ፣ በ1973 አንድ ደፋር ነገር ሠራች። ለአዲስ የሕዝብ መኖሪያ ቤት የተመደበውን ገንዘብ ዳር ላይ አዲስ ሰፈር ለመገንባት ብቻ ከማዋል ይልቅ በመሀል ከተማ ያረጁ የሠራተኛ ቤቶችን ለማደስ አዋለችው፤ ነባር ነዋሪዎች እንዲመለሱና ኪራዩ እንዳይንር የሚያደርግ ውልም አበጀች። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ግድግዳውን አቆይቶ ሰውን ማስወጣት ጥበቃ አይደለም።

በእኛ የቀበሌ ቤት ላይ ይህ ምን ይመስላል? ከተማው ጥገናውን ይሠራል፤ ተከራዩ ለጊዜው ሌላ ቀበሌ ቤት ይቆያል፤ ሲመለስ ጥገናውን የሚደግፍ፣ ግን አቅሙን ያገናዘበ ኪራይ ይከፍላል፤ መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ደግሞ በገበያ ዋጋ ይከራያል። ታችኛው ክፍል ላይኛውን ይደጉማል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው «ኪራይ አትንኩ» ይላል። ኪራዩ ሳይነካ ቤቱ ሲናድ ግን ተከራዩን የሚያድነው ርካሽ ኪራይ የለም።

የቀረኝ ስለ ጭቃና ሲሚንቶ ነው፤ አጭር ነው ግን ብዙ ቤት የሚያጠፋ ስሕተት ስለሆነ አላልፈውም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይገባዋል፣ ይወጣዋል። በጭቃና በኖራ ከተለሰነ ይተነፍሳል። በበጎ ፈቃድ ተነሣስተው በሲሚንቶ ሲለስኑት ግን ውጭው ይደርቃል፣ ውስጡ ይታፈናል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ይነሣል። ስለዚህ የጥገና ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ፈቃዱ ላይ የቁሳቁሱን ዓይነት መጻፍ አለበት፤ ኖራ የሚያውቁና ጭቃ የሚያቦኩ የእጅ ባለሙያዎችም በአነስተኛና ጥቃቅን ተደራጅተው ሥራ ሊያገኙበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ያስቀመጠው መርሕም አለ፤ ግምት በሚጀምርበት እድሳት ይቆማል። ሰገነቱ እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም የቆየ ሰው ምስክር ከሌለ፣ አምሮ ይታየን ብሎ አዲስ ሰገነት መፍጠር ቅርስ ማደስ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አይተናል፤ የኮሪደር ልማቱም ወደ ክልል ከተሞች፣ ባሕር ዳርንም ጨምሮ፣ ተሻግሯል። መንገድ መስፋቱን፣ የእግረኛ መሄጃ መሠራቱን የሚጠላ የለም። ጥያቄው ዶዘሩ ሲመጣ በእጃችን ምን ወረቀት አለ የሚለው ነው። ዝርዝር ከሌለ የሚተርፈው በአጋጣሚ የተረፈው ብቻ ነው። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንገድ በመንገድ ዞረው የቤቱን ፎቶ፣ የቋሚውን እንጨት፣ የጣሪያውን ሁኔታ፣ ባለይዞታው ማን እንደሆነና ማን እንደሚኖርበት ቢመዘግቡ፣ የዞኑ መምሪያ የሚመርጥበት፣ ፕላን ክፍሉ በካርታ ላይ የሚያሰፍረው መነሻ ይኖራል።

ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በውይይቱ ላይ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው መንገዱ በየት እንደሚያልፍና ካሳው ስንት እንደሆነ ነው፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ጋር ግን ካርታው ላይ ጣትን አሳርፎ በዚህ መንገድ ዳር ዝቅተኛው ቁመት ስንት እንደሆነ፣ ማደስ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያገኝ እንደሆነ፣ እነዚህ የቀበሌ ቤቶች በዘንድሮው በጀት ለጥገና የተያዘላቸው ገንዘብ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ይገባል። በቃለ ጉባኤ ያልገባ ቃል በሚቀጥለው ክረምት የሚያስታውሰው የለም።